በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ሽጉጥ መግዛት፦ ግሪን ካርድ ላለው ሰው ሕጉ ምን ይላል? ማጣሪያውስ ያጣራል?

ዋንዛ (ውይይቱን የከፈተው)

ይህ ጥያቄ በሲልቨር ስፕሪንግም በአሌክሳንድሪያም ቡና በተጠጣ ቁጥር ይነሳል፤ መልሱ ግን እንደ ተናጋሪው ነው። እዚህ በአንድ ቦታ ተጽፎ ይቀመጥ ብዬ ነው።

ሁለት ነገር ልጠይቅ። ዜግነት ያልወሰደ፣ ግሪን ካርድ ያለው ሰው በዲሲ ዙሪያ ሽጉጥ ለመግዛት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ምን ያደርጋል? ሌላው ክርክሩ ነው፦ ሜሪላንድ «መጀመሪያ ፈቃድ አውጣ» ትላለች፤ ቨርጂኒያ ደግሞ «ሱቅ ሂድ፣ እዚያው ተጣራ» ትላለች (መጣራት ማለት መሣሪያ እንዳይገዛ የሚያግድ መዝገብ እንዳለበት መታየት ነው)። በመካከላቸው ያለው አንድ የፖቶማክ ወንዝ ነው። የትኛው ነው የሚሠራው? ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ጻፉ፤ «ሰው ነግሮኝ ነው» የሚል መልስ ባይመጣ ደስ ይለኛል።

ቆጣሪው

የፌዴራሉን እናስቀድም፤ እሱ በሁሉም ክፍለ ግዛት አንድ ነው።

መሠረቱ የ1968ቱ የጦር መሣሪያ ቁጥጥር ሕግ ነው። መሣሪያ መነገድ ከኤቲኤፍ (የጦር መሣሪያ ንግድን ከሚቆጣጠረው የፌዴራል መሥሪያ ቤት) ፈቃድ ላወጣ ሰው ብቻ ሆነ። ከዚህ ነጋዴ ጠመንጃ ለመግዛት 18፣ ሽጉጥ ለመግዛት 21 ዓመት መሙላት ያስፈልጋል። ጠመንጃ የሁለቱም ክፍለ ግዛቶች ሕግ ከተከበረ ከሌላ ክፍለ ግዛት ነጋዴ መግዛት ይቻላል፤ ሽጉጥ ግን በሚኖሩበት ክፍለ ግዛት ብቻ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር ሰው ቨርጂኒያ ሱቅ ውስጥ ዓይኑ ያረፈበትን ሽጉጥ ሊከፍልበት ይችላል፤ የሚረከበው ግን ወደ ሜሪላንድ ነጋዴ ተልኮለት፣ የሜሪላንድን ሥርዓት ካለፈ በኋላ ነው።

ግሪን ካርድ ያለው ሰው መግዛት ይችላል። በዲቪ ይምጣ በቤተሰብ ልዩነት የለውም። የተከለከለው ሕጋዊ ወረቀት የሌለው ሰውና በተማሪ፣ በጎብኚ ወይም በመሳሰለው ጊዜያዊ ቪዛ የገባ ሰው ነው፤ ለኋለኛው እንደ አደን ፈቃድ ያለ ጠባብ መውጫ ብቻ አለ። ጥገኝነት ያገኘ ሰው ጉዳይ እንደ አገባቡ ስለሚለያይ ወደ ሱቅ ሳይሆን መጀመሪያ ወደ ጠበቃ ይሂድ።

ሱቅ ሲገባ መታወቂያው ፎቶ፣ የልደት ቀንና አሁን የሚኖሩበት አድራሻ ያለበት መሆን አለበት። የፖስታ ሣጥን ቁጥር አድራሻ አይሆንም። ሰው ቤት ለውጦ መንጃ ፈቃዱን ካላደሰ፣ አዲሱን አድራሻ የያዘ ሌላ የመንግሥት ሰነድ፣ ለምሳሌ የመኪና ምዝገባ ወረቀት፣ አብሮ ማቅረብ አለበት። የግል ኩባንያ የመብራት ቢል አያገለግልም። ብዙ ሰው ያለ ማጣሪያ፣ ያለ ምንም፣ ከበር የሚመለሰው በዚህ ነው። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ካርዱን ይያዝ፤ ቁጥሩ ፎርሙ ላይ ይጻፋል።

ቀጥሎ ፎርም 4473 የሚባለው የፌዴራል የገዢ ቅጽ ይሞላል፤ ከዚያ ማጣሪያው ይደረጋል። የ1993ቱ የብሬዲ ሕግ ያመጣው ነው፤ ኒክስ የሚባለው የኮምፒውተር ሥርዓት ሥራ የጀመረው ኅዳር 30 ቀን 1998 ነው። በቨርጂኒያ ነጋዴው የሚጠይቀው የክፍለ ግዛቱን ፖሊስ ነው፤ ለነዋሪ ክፍያው 2 ዶላር። መልሱ ከሦስት አንዱ ነው፦ «ይቀጥል»፣ «ይቆይ»፣ «ተከልክሏል»። «ይቀጥል» ከተባለ ቨርጂኒያ ውስጥ ሽጉጡን በዚያው ቀን ይዞ መውጣት ይቻላል። የተደበቀ መያዣ ፈቃድ (ሽጉጥ ከልብስ ሥር ሸፍኖ ለመያዝ የሚሰጥ) የሌለው ሰው በ30 ቀን ውስጥ ከአንድ ሽጉጥ በላይ አይገዛም፤ ይህ ገደብ በ2012 ተሽሮ በ2020 የተመለሰ ነው።

ሰላሌ

ቆጣሪው ፎርሙን በአንድ ዓረፍተ ነገር አለፈው። ችግሩ ያለው ግን እዚያ ነው፤ ለእኛ ሰው በተለይ።

ስም። መታወቂያው ላይ እንዳለው፣ አንድ ፊደል ሳይጎድል ይጻፍ። የአባት ስም «የቤተሰብ ስም» ሆኖ ስለሚገባ፣ በላቲን ፊደል ሲጻፍ ደግሞ አንዱ ስም አራት ዓይነት ስለሚሆን፣ ማጣሪያው ከሌላ ሰው መዝገብ ጋር ያጋጨዋል። «ይቆይ» የሚለው መልስ ከሚመጣባቸው ምክንያቶች አንዱ ይሄ ነው እንጂ የግድ ወንጀል አይደለም። ፎርሙ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥርን በፈቃደኝነት ይጠይቃል፤ ስሙ ብዙ መንታ ያለው ሰው ቢጽፈው ይሻለዋል። በየግዢው የሚዘገይ ሰው ደግሞ ለኤፍቢአይ አመልክቶ የግል መለያ ቁጥር ማውጣት ይችላል፤ ቁጥሩ ከዚያ ወዲያ ፎርሙ ላይ ይሞላል።

ዜግነት። ግሪን ካርድ ያለው ሰው የዜግነት አገሩን ይጻፍ፤ ኢትዮጵያ ከሆነ ኢትዮጵያ። በችኮላ የአሜሪካውን ሣጥን ምልክት ማድረግ «ጥቃቅን ስህተት» አይደለም። የአሜሪካ ዜጋ ነኝ ብሎ በሐሰት መናገር በኢሚግሬሽን ሕግ ከአገር የሚያስወጣ ነገር ነው፤ «አላየሁትም ነበር» ብሎ ማስረዳት ደግሞ ቀላል አይደለም። ፎርሙን ሌላ ሰው ካነበበላችሁ እንኳ ከመፈረማችሁ በፊት ይህን መስመር በዓይናችሁ እዩት።

እውነተኛው ገዢ። «የምትገዛው ለራስህ ነው ወይ?» የሚለው ጥያቄ። አብራምስኪ የሚባል የቀድሞ ፖሊስ ቨርጂኒያ ውስጥ ግሎክ 19 ገዛ፤ ገንዘቡን ግን ፔንሲልቫኒያ ያለው አጎቱ አስቀድሞ ልኮለት ነበር። አጎቱም መግዛት የማይከለከል ሰው ነው፤ ሽጉጡንም ፔንሲልቫኒያ ባለ ነጋዴ በኩል፣ ተጣርቶ ነው የተረከበው። ቢሆንም ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2014 በ5 ለ 4 ድምፅ ጥፋተኛነቱን አጸና፤ ፎርሙ ላይ የዋሸው ስለ ገዢው ማንነት ነውና። በራስ ገንዘብ ገዝቶ ስጦታ መስጠት ሌላ ነገር ነው፤ ይፈቀዳል። የሌላ ሰው ብር ተቀብሎ «እኔ ልግዛልህ» ማለት ግን በ2022ቱ ሕግ ራሱን የቻለ ወንጀል ሆኗል፤ እስከ 15 ዓመት ያስቀጣል። እኛ ዘንድ «ወንድሜ ሥራ አይመቸውም፣ እኔ ልግዛለት» የሚል ደግነት ብዙ ስለሆነ ነው ይህን ያህል የጻፍኩት።

ጫት። አዎ፣ ጫት። ፎርሙ የተከለከለ ዕፅ ትጠቀማለህ ወይ ይላል። እርጥብ ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን በፌዴራል ሕግ ከሄሮይን ጋር በአንድ መደብ፣ በአንደኛው ሰንጠረዥ ያለ ነው። ማሪዋናም ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ፈቀዱት አልፈቀዱት፣ ለዚህ ፎርም አልተፈቀደም፤ ፎርሙ ራሱ ይህን ጽፎ ያስጠነቅቃል። ለሚጠቀም ሰው ሁለት ምርጫ አለ፦ እውነቱን ጽፎ መከልከል ወይም ዋሽቶ ወንጀል መሥራት። ሦስተኛው አለመግዛት ነው።

ዋንዛ

ሰላሌ እናመሰግናለን። በቤት ውስጥ ጠብ ፖሊስ የተጠራበት ሰውስ? ክሱ «ቀላል ነው፣ ተስማምተህ ጨርስ» ተብሎ ያለቀ።

ሰላሌ

ያ ነው ትልቁ። ከ1996 ጀምሮ በትዳር ወይም በመሰል ቤተሰብ ላይ በተፈጸመ ቀላል ድብደባ መፈረድ እንኳ መሣሪያ ከመያዝ ያግዳል። የእስር ቀን አለመኖሩ አያድንም። በሥራ ላይ ያለ የጥበቃ ትእዛዝም፣ ሰውየው ቀርቦ የመከራከር ዕድል አግኝቶ ከሆነና ትእዛዙ የሕጉን መስፈርት ካሟላ፣ እስኪያበቃ ድረስ ያግዳል፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2024 በራሂሚ ጉዳይ ይህንን በ8 ለ 1 አጽንቶታል።

ዜጋ ላልሆነ ሰው ነገሩ ድርብ ነው። በመሣሪያ ነክ ወንጀል መፈረድ ብቻውን ግሪን ካርድ ያለውን ሰው ከአገር ያስወጣዋል። ስለዚህ እንዲህ ያለ መዝገብ ያለው ሰው ሱቅ ሄዶ «እስኪ ልሞክረው» አይበል። ሙከራው ራሱ ፊርማ ያለበት ማስረጃ ነው።

ነቄ

ወደ ሜሪላንድ እንምጣ፤ እዚያ ነው ሕግ አክባሪው የሚጉላላው። በ2013 የወጣው ሕግ፣ ከጥቅምት 1 ጀምሮ፣ ሽጉጥ ለመግዛት የብቃት ፈቃድ ይጠይቃል። ቢያንስ 4 ሰዓት ሥልጠና፣ ቢያንስ አንድ ጥይት መተኮስን ጨምሮ። የጣት አሻራ፣ በተፈቀደለት ድርጅት። 50 ዶላር ማመልከቻ። እስከ 30 ቀን መጠበቅ። ይህ ሁሉ የመግዛት ሳይሆን *ለመግዛት የመጠየቅ* ፈቃድ ነው! ፈቃዱ ከመጣ በኋላ ደግሞ ሱቅ ሄዶ 77 አር የሚባለውን ፎርም መሙላት፣ 10 ዶላር፣ 7 ቀን መጠበቅ። የሚገዛውም ክፍለ ግዛቱ ባጸደቀው የሽጉጥ ዝርዝር ውስጥ ያለ መሆን አለበት።

የአሠልጣኙንና የአሻራውን ክፍያ ስትደምሩበት፣ ሁለት ሥራ የሚሠራ ሰው ከሥራ የሚቀርበትን ቀን ስትጨምሩበት፣ ሕጉ የሚመርጠው ጨዋውን ከወንበዴው ሳይሆን ያለውን ከሌለው ነው። ወንበዴ 77 አር አይሞላም።

እና ሜሪላንድ ወረቀት ስትወድ አይጣል ነው። ከ2000 እስከ 2015 አዲስ ከሚሸጥ ሽጉጥ ሁሉ የተተኮሰ ቀለህ እየተቀበለች (ወንጀል ቦታ ከሚገኝ ቀለህ ጋር እንዲመሳከር)፣ ከ300,000 በላይ ቀለህ መጋዘን ውስጥ አከማቸች። ብቻውን የፈታው አንድ ወንጀል አልተገኘም፤ በመጨረሻ ሕጉን ራሷ ሰረዘችው። የብቃት ፈቃዱም የዚያ ታናሽ ወንድም ነው።

ፀደይ

ነቄ፣ የቀለሁ ነገር እውነት ነው፤ ማንም አይከራከርህም። ፈቃዱን ግን ከእሱ ጋር አትጠቅልለው፤ የሚሠራበት መንገድ ሌላ ነው።

ፈቃዱ የሚያግደው ወንበዴውን ሳይሆን ለወንበዴው የሚገዛለትን ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ለጓደኛው የሚገዛ ሰው ፎርሙ ላይ ይዋሻል፣ ስሙ ንጹሕ ስለሆነ ያልፋል፣ በዚያው ቀን ያስረክባል። ሜሪላንድ ውስጥ ግን ያው ሰው በአካል ቀርቦ አሻራ መስጠት፣ ግማሽ ቀን መማር፣ ወር መጠበቅ አለበት። ለሰው ብሎ ይህን የሚያደርግ ጥቂት ነው። ሌላው ጥቅሙ ጊዜ ነው፤ በንዴት ወይም በጭንቀት የተነሳ ሰው በዚያች ሰዓት ሽጉጥ እጁ አይገባም።

ማስረጃም አለ። ኮነቲከት በ1995 የግዢ ፈቃድ ግዴታ አደረገች፤ ሚዙሪ የነበራትን በ2007 ሻረች። የጆንስ ሆፕኪንስ ተመራማሪዎች ተከታትለው በመጀመሪያዋ በመሣሪያ የሚፈጸም ግድያ መቀነሱን፣ በሁለተኛዋ መጨመሩን ጽፈዋል። በተቃራኒው ካሊፎርኒያ ከ1991 ጀምሮ የግል ሽያጭን ጭምር ብታጣራም፣ በቀጣዮቹ 10 ዓመታት ለውጥ አልታየም። ያለ ፈቃድ፣ በሱቅ ባንኮኒ ላይ የሚደረግ ማጣሪያ ብቻውን ደካማ ነው ማለት ነው።

ፍርድ ቤቱንም ካነሳን፣ ሜሪላንድን የሚያየው የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት (አራተኛው) ሦስት ዳኞች ያሉት ችሎት የሜሪላንድን ፈቃድ በኅዳር 2023 በ2 ለ 1 ጥሎት ነበር። የዚያው ፍርድ ቤት ሙሉ ጉባኤ በነሐሴ 2024 መለሰው፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በጥር 2025 ጉዳዩን አላይም አለ።

ነቄ

ሚዙሪ ውስጥ ከ2007 በኋላ የተለወጠው ፈቃዱ ብቻ አይደለም፤ ሴንት ሉዊስና ካንሳስ ሲቲ ብዙ ነገር ሆኗል። የሁለት ክፍለ ግዛት ጥናት ለሃምሳው አይዘረጋም። ካሊፎርኒያንስ ለምን ለእኔ አትተዪልኝም? «ማጣሪያው አልሠራም» ብለሽ ራስሽ ጻፍሽ እኮ።

ቆጣሪው

ሁለታችሁም ስለ በሩ ትከራከራላችሁ፤ ችግሩ በር ጠባቂው የያዘው ስም ዝርዝር ነው። ማጣሪያው የሚያውቀው ሰው የላከለትን መዝገብ ብቻ ነው። ሦስት የጅምላ ግድያዎችን እዩ።

ቨርጂኒያ ቴክ ዩኒቨርሲቲ፣ 2007፣ 32 ሰው ሞተ። ተኳሹን አንድ ዳኛ በ2005 ለራሱ አደገኛ ነው ብሎ በተመላላሽ እንዲታከም አዞ ነበር። ይህ በፌዴራል ሕግ ያግደዋል፤ ግን መዝገቡ ወደ ማጣሪያው አልተላከም። ሁለቱንም ሽጉጦች ተጣርቶ፣ አልፎ፣ ፈቃድ ካለው ነጋዴ ነው የገዛው።

ቻርልስተን፣ ሳውዝ ካሮላይና፣ 2015፣ በኢማኑኤል ቤተ ክርስቲያን 9 ሰው። ተኳሹ በሚያዝያ ሽጉጥ ሊገዛ ሲል መልሱ «ይቆይ» ሆነ። መርማሪዋ የዕፅ መዝገቡን ፍለጋ ስትሄድ መዝገቡ ተሳስቶ የሌላ ፖሊስ ጣቢያ ተብሎ ስለተጻፈ አላገኘችውም። ሕጉ ደግሞ 3 የሥራ ቀን ካለፈ ነጋዴው ማስረከብ ይችላል ይላል። አስረከበ። ቨርጂኒያ ይህን ቀዳዳ ለራሷ በ2021 ወደ 5 የሥራ ቀን አራዘመችው፤ ኮንግረስ በ2022 ከ21 ዓመት በታች ላለ ገዢ እስከ 10 የሥራ ቀን ፈቀደ።

ሰዘርላንድ ስፕሪንግስ፣ ቴክሳስ፣ 2017፣ በቤተ ክርስቲያን 26 ሰው። ተኳሹ አየር ኃይል ውስጥ ሳለ ሚስቱንና ልጇን ደብድቦ የተፈረደበት ነበር። አየር ኃይሉ ፍርዱን ለኤፍቢአይ አልላከም።

በሦስቱም ሕጉ ነበረ። የጎደለው አንድ ጸሐፊ መላክ ወይም በትክክል መጻፍ የነበረበት ወረቀት ነው። የሜሪላንድ አሻራ ጥሩነቱ ስምን ከስም ሳይሆን ጣትን ከጣት ስለሚያመሳክር ነው፤ ሰላሌ ያነሳው የስም መንታነትም በዚያ ይፈታል። ያልተላከን መዝገብ ግን አሻራም አያመጣውም።

ፀደይ

እዚህ ላይ አልለይህም። ግን ጊዜ ካለ መዝገቡ የመገኘት ዕድሉ ይሰፋል፤ ቻርልስተን የሚያሳየው እሱን ነው።

ነቄ

መዝገብ ስትሉ፣ ዝርዝሩ በመንግሥት እጅ ሲከማች ነገ ምን እንደሚሆን የእኛ አገር ሰው ሊነገረው አይገባም።

ቆጣሪው

ሥጋቱ ይገባኛል፤ አሠራሩ ግን ይኸው። የ1986ቱ ሕግ ፌዴራል መንግሥቱ የባለ መሣሪያዎች መዝገብ እንዳያቋቁም ይከለክላል። «ይቀጥል» የተባለ ገዢ መረጃ በ24 ሰዓት ውስጥ ከኒክስ ይጠፋል። ፎርም 4473 ሱቁ ውስጥ ይቀመጣል፤ ሱቁ ሲዘጋ ማርቲንስበርግ፣ ዌስት ቨርጂኒያ ወዳለው የኤቲኤፍ ማእከል ይላካል፤ እዚያም በስም ፈልጎ ማግኘት አይቻልም። ወንጀል ቦታ ሽጉጥ ሲገኝ ፍለጋው ሽጉጡ ላይ ባለው መለያ ቁጥር ይጀምራል፦ አምራቹ ለማን ሸጠ፣ አከፋፋዩ ለየትኛው ሱቅ፣ ሱቁ ለማን። ፍለጋው የመጀመሪያው ችርቻሮ ገዢ ጋ ይቆማል። ስለዚህ ሽጉጡን የሸጠ ሰው የሽያጭ ሰነዱን ቢያስቀምጥ ለራሱ ነው።

በክፍለ ግዛት ደረጃ ግን ነቄ ልክ ነው፤ ሜሪላንድ 77 አርን ፖሊስ ዘንድ ታስቀምጣለች፤ ዲሲ ደግሞ በግልጽ ምዝገባ ነው፤ ያልተመዘገበ ሽጉጥ ቤት ማስቀመጥ አይቻልም።

ሰላሌ

ከግዢው ይልቅ ሰው የሚታሰርበትን ልጻፍ፤ ድልድይ መሻገር ነው። የቨርጂኒያ የተደበቀ መያዣ ፈቃድ ሜሪላንድም ዲሲም አይሠራም። አርሊንግተን ላይ ሕጋዊ የሆነው፣ ጥይት የጎረሰ ሽጉጥ በወገብ፣ ድልድዩን ሲሻገር ወንጀል ይሆናል። በመኪና ማለፍ የግድ ከሆነ ሽጉጡ ባዶ፣ ጥይቱ ለብቻ፣ ሁለቱም ሻንጣ መጫኛው ውስጥ። ሻንጣ መጫኛ የሌለው መኪና ከሆነ በተቆለፈ ሣጥን፤ የዳሽቦርዱ ኪስ ቢቆለፍም አይቆጠርም። የፌዴራሉ ጥበቃም መነሻውና መድረሻው ላይ መያዝ ለሚፈቀድለት ሰው፣ ለማለፍ ብቻ ነው፤ መንገድ ላይ ዘመድ ጋ ገብቶ ማደር ማለፍ አይባልም።

ኡበርና ሊፍት የምትሠሩ፦ ሁለቱም ኩባንያዎች መሣሪያ መያዝን ከልክለዋል። የክፍለ ግዛቱ ፈቃድ ከኩባንያው ደንብ አያድንም፤ ሒሳቡ ይዘጋል።

ፀደይ

ቤት ስለማስቀመጥም ይጻፍ፤ ክርክሩ ሁሉ ስለ ሌባና ስለ ነፍሰ ገዳይ ሆኖ ቀረ። አሜሪካ ውስጥ በ2023 በመሣሪያ ከሞቱት 46,728 ሰዎች 27,300ው ራሳቸውን ያጠፉ ናቸው። ቤት ውስጥ የተጨነቀ ሰው ካለ፣ የተገዛው ሽጉጥ ከሌባው በፊት የሚያገኘው እሱን ነው።

ሜሪላንድ ከጥቅምት 2023 ጀምሮ ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ ሊደርስበት በሚችል ቦታ መሣሪያ መተውን ከልክላለች፤ ቨርጂኒያ ጥይት የጎረሰ መሣሪያ ከ14 በታች ላለ ልጅ አጋልጦ መተውን። ቁም ሣጥን ላይ ማስቀመጥ መደበቅ አይደለም። የተቆለፈ ሣጥን፣ ጥይቱ በሌላ ቦታ፣ ቁልፉ ደግሞ ከቤት ቁልፍ ጋር ያልታሰረ።

አሠልጣኞች ደጋግመው የሚያርሙት አንድ ነገር፦ ባዶ ሲያደርጉ መጀመሪያ የጥይት ካዝናውን ማውጣት፣ ከዚያ ተንሸራታቹን (ወደ ኋላ የሚሳበውን የላይኛውን ክፍል) ስቦ የጎረሰውን ጥይት ማስወጣት፣ ከዚያ ጎሬውን (ጥይቱ የሚጎርስበትን ቀዳዳ) በዓይንም በጣትም ማየት። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ አንዱ ጥይት ይወጣል፣ ካዝናው ሌላ ያጎርሳል፤ ሰውየው ግን «ባዶ ነው» ብሎ ቃታውን ይነካል። ብዙ «ሳላስበው ባረቀ» የሚባለው ይሄ ነው።

ዋንዛ

ሁላችሁንም እናመሰግናለን። አንድ የቀረ፦ አገር ቤት ሲሄዱ ይዞ መሄድስ? ደግሞ «ተከልክሏል» የተባለ ሰው ምን ያድርግ?

ቆጣሪው

አገር ቤት አይሆንም። ከዚህ በኩል የውጪ ንግድ ቁጥጥር አለ፤ ከዚያ በኩል አዋጅ ቁጥር 1177/2012 (ይሄ በእኛ አቆጣጠር ነው) ያለ ፈቃድ ማስገባትን ይከለክላል። ተኩስ መለማመጃ የሚሄድበትን ቦርሳ ለጉዞ የሚጠቀም ሰው ኪሶቹን ሁሉ ይገልብጥ፤ ተረስታ የቀረች አንዲት ጥይት ዳለስም ቦሌም ታስቆማለች።

ለተከለከለው፦ ነጋዴው ምክንያቱን አያውቅም፤ አይጣሉት። የግብይቱን ቁጥር ተቀብሎ ይውጣ። ማጣሪያውን ያደረገው ኤፍቢአይ ከሆነ ምክንያቱን በጽሑፍ መጠየቅ ይቻላል፤ ቨርጂኒያ ውስጥ ወይም ለሜሪላንድ ሽጉጥ ከሆነ ጥያቄው ለክፍለ ግዛቱ ፖሊስ ነው። ስሕተቱ የስም መንታነት ከሆነ አሻራ መላክ ይፈታዋል። የቆየ ክስ ተዘግቶ ሳለ ውጤቱ መዝገቡ ላይ ካልተሞላ ደግሞ፣ ክሱ ከታየበት ፍርድ ቤት ጸሐፊ ማኅተም ያለበት የውሳኔ ግልባጭ አውጥቶ ማያያዝ ነው። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ግን ይግባኙን ከመጻፉ በፊት ምክንያቱን ለኢሚግሬሽን ጠበቃ ያሳይ፤ በይግባኙ የሚጻፈው ነገር ነገ ለዜግነት ሲያመለክት ሊጠየቅበት ይችላል።